አርባ ሦስት ባዶ አልጋ

ነጎድጓድ በቅሎውን እየኮረኮረ የሆስፒታሉን ዳገት ሽቅብ ተያያዘው። መለከቱ ከኮርቻው ጎን ተንጠልጥሎ ጭኑን ይመታዋል፤ የከተማው ማኅተም የተጠለፈበት ቀይ ካባው በነፋስ እየተገለበጠ ፊቱን ይሸፍነዋል፤ እሱም በአንድ እጁ ልጓም፣ በአንድ እጁ ካባ ይዞ ከሁለቱም ጋር ይታገላል። ነጎድጓድ እውነተኛ ስሙ አይደለም። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከታላቅ እህቱ በቀር የሚያስታውሰው ሰው የለም። የከተማው አዋጅ ነጋሪ ነው፤ አደባባዩ ላይ ካለው የድንጋይ መድረክ ቆሞ አንዴ ከጮኸ ቆዳ ፋቂዎቹ ሰፈር ድረስ ያሉ ውሾች ይነሡ ነበር። ስሙን ያወጡለትም ቆዳ ፋቂዎቹ ናቸው።

ወትሮ በዚህ ሰዓት መንገዱ በጋሪና በተሸካሚ ይጨናነቅ ነበር። አሁን ጭር ብሏል። ሰዎች አፋኙ እያሉ የሚጠሩት የደረት በሽታ ከገባ ወዲህ ገበያው ተዘግቷል፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ ከአምስት ሰው በላይ አንድ ላይ መቆም ክልክል ሆኗል። አዋጁን ያወጀው ነጎድጓድ ነውና ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታ ነሥቶታል። እንዲያው የሰው ነገር! ሐኪሙ አስዘጋ፣ ከንቲባው ዘጋ፣ የሚሰደበው ግን ነጋሪው። አንድ ቀን እንዲያውም ደጁ ላይ ዕጣቢ ደፍተውበት፣ ከቤት ሲወጣ አንሸራትቶት፣ ካባውን ለብሶ በቂጡ ቁጭ አለ። የሳቀ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ አላየም።

ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አንዱ ወገን የሐኪሙ ነው፤ ይዘጋ ይላል። ሌላው የነጋዴዎቹ ሹም ወገን ነው፤ ይከፈት ይላል። ጠቡ እየቆየ ሲሄድ ከመዝጋትና ከመክፈት አልፎ ሙታን ላይ ደረሰ። ሐኪሙ ይህን ያህል ሰው አለቀ ሲል፣ ሹሙ “ሽማግሌ በዕድሜው ሲሞት፣ ሰካራም ከደረጃ ሲወድቅ፣ ሁሉንም በአፋኙ ስም እየጻፋችሁ አታስፈራሩን” ይላል። ከንቲባው ሰው ማስቀየም የማይወድ ሰው ነበርና ሁለቱ ወገኖች እስኪስማሙ ድረስ የሙታን ቁጥር በአደባባይ እንዳይነገር ከለከለ። በዚያ ፋንታ ማንም የማይከራከርበት ነገር ይቆጠር አለ፤ አልጋ። አልጋ ወይ ሰው አለበት ወይ የለበትም። ከሆስፒታሉ መቶ አልጋ አርባው ባዶ በሆነ ዕለት ገበያው ይከፈታል ተባለ። ነጎድጓድም በየጠዋቱ ቁጥሩን ከሆስፒታሉ እየተቀበለ ለከንቲባው ያደርሳል፣ ቀትር ላይ ለሕዝቡ ይናገራል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከአሥራ አምስት በላይ ተናግሮ አያውቅም።

“አርባ ሦስት” አለ የሆስፒታሉ ጸሐፊ በመስኮቱ ቀዳዳ።

“ስንት?”

“አርባ ሦስት ነው የምልህ። ጮኸህ ጮኸህ ጆሮህን ደፈንከው እንዴ?”

ነጎድጓድ ልቡ ዘለለ። በቃ፣ አለፈ ማለት ነው! ሰው ሊድን፣ ገበያው ሊከፈት፣ ጎረቤቱም እንደ ድሮው እንደምን አደርክ ሊለው ነው። በቅሎውን ሊያዞር ሲል ግን ከጎን በር በኩል “አንተ! ና ወዲህ” የሚል የሚያውቀውን ድምፅ ሰማ።

እህቱ ናት። የሆስፒታሉ ዋና አስታማሚ ነች፤ አፍንጫና አፏን በነጭ ጨርቅ ሸፍናለች፣ ከጨርቁ በላይ ያሉት ዓይኖቿ ቀልተዋል።

“እታለም! ሰማሽ? አርባ ሦስት!”

“ሰምቻለሁ። ራቅ በል፤ እዚያው ሆነህ ተከተለኝ።”

በአጥሩ ዳር ዞረው የኋላው ግቢ ደረሱ። ግቢው ሙሉ ፍራሽ ተሰጥቶበታል፤ ሣሩ ላይ ፍራሽ፣ አጥሩ ላይ ፍራሽ፣ በዛፎቹ መካከል በተወጠረው ገመድ ላይ ፍራሽ። ሰው ከአልጋ በተነሣ ቁጥር ፍራሹ በሆምጣጤ ታጥቦ፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ ሳይመታው ሌላ ሕመምተኛ እንዳይተኛበት የሚል ደንብ ነበራቸው። ጥሩ ደንብ ነው፤ ብዙ ሰው አትርፏል።

“እስቲ ንገረኝ፣ ከነዚህ ስንቱ ድኖ ወደ ቤቱ የሄደ ይመስልሃል?” አለችው።

“ሁሉም ነዋ።”

“ስድስት። ስድስት ሰው በእግሩ ወጣ። የቀሩትን ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ።”

እህቱ በእጇ የአጥሩን ቀዳዳ አሳየችው። ጎንበስ ብሎ አየ። ከአጥሩ ወዲያ ጋሪዎች ተሰልፈዋል፤ በየጋሪው ላይ ሰው ተኝቷል። አንዳንዱ ያስላል፤ አንዳንዱ ማሳሉንም ትቷል። አንድ ሽማግሌ ሚስቱን በባርኔጣው ያራግባል።

“ፍራሹ እስኪደርቅ የሚጠብቁ ናቸው” አለች። “ከቀትር በኋላ አንድ ባዶ አልጋ አታገኝም። ጸሐፊያችን የሚቆጥረው ግን ጠዋት ነው፤ ፍራሽ የሌለበትን አልጋ ባዶ ብሎ ይጽፋል። በሞትን ቁጥር ባዶው ይበዛል። ገባህ?”

“ታዲያ ለምን አይናገርም?”

“የጠዋቱን ባዶ አልጋ ቁጠር ተባለ፣ ቆጠረ። ሐኪሙ ለከንቲባው ልንገር ብሎ ወርዷል። ግን ሰውዬውን ታውቀው የለም? ሦስት ቃል ሳይናገር ይቆጣል፣ ሲቆጣ ደግሞ የሚሰማው የለም። አንተን ግን ይሰሙሃል።”

“እታለም፣ እኔ እኮ የተሰጠኝን ነው የምናገረው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ጨምሬ፣ አንዲት ቃል ቀንሼ አላውቅም። በዚህ ነው የታመንኩት።”

“አውቃለሁ። ዛሬ ጨምር።”

“ከሥራዬ ያባርሩኛል።”

“ያባርሩህ። ሕፃን ሳለህ ስታለቅስ ሰፈሩን ታናጋው ነበር፤ አዝዬ የማባብልህ እኔ ነበርኩ፤ ጀርባዬ ይመስክር። ያን ጊዜ ማን አዞህ ነበር የምትጮኸው?” ከጨርቁ ሥር ፈገግ ያለች መሰለው፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። “ወንድሜ፣ እጄ ደክሟል። አስታማሚዎቼ አንድ በአንድ እየወደቁ ነው። ገበያው ዛሬ ከተከፈተ እኛ አንችለውም። ይህን ብቻ ንገራቸው፤ አልጋው ለምን ባዶ እንደሆነ ብቻ።”

“እሺ፣ አየዋለሁ” አላት።

ይቺን “አየዋለሁ” የሚሏትን ነገር እህቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቃታለች። አንገቷን ነቅንቃ ገባች።

ከከንቲባው አዳራሽ ሲደርስ ጩኸቱ ከደረጃው ይሰማ ነበር። ሐኪሙ ጠረጴዛውን እየደበደበ “ማታለል ነው! ነፍስ ማጥፋት ነው!” ይላል፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል። የነጋዴዎቹ ሹም ከማዶ ቆሟል፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጢሙ ገብስማ የሆነ፣ ባለ ወርቅ ሰንሰለት ሰዓቱን በጣቱ የሚያፍተለትል ሰው ነው።

“ክቡር ከንቲባ፣ ሕግ ያወጡት እርስዎ ነዎት” አለ ሹሙ። “አርባ ሲሆን ይከፈታል አሉ። ሕዝቡ ያቺን አርባ እየጠበቀ በየቤቱ ጠኔ ገደለው። የሸክላ ሠሪዋ ልጆች የአጥር ቅጠል ቀቅለው ሲበሉ በዓይኔ አይቻለሁ። በዓይኔ! በረሃብ የሚሞተውን የትኛው አልጋ ላይ ፈልገን እንቁጠረው? ሐኪሙ ቁጥሩ ሲመቸው ይቀበለዋል፣ ሳይመቸው ማታለል ነው ይለናል።”

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ መታወቅ አለበት። ስለ ሸክላ ሠሪዋ ልጆች ሲናገር ድምፁ ተሰብሯል። እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ ዱቄት አስጭኖ ልኮላቸዋል።

“አንተ የቁጥሩ ጌታ” አለው ሐኪሙ፣ “የሞቱት አልጋ ላይ እኮ ነው የ...የ...” ንዴት ምላሱን አሰረውና ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረው። የሹሙ ሰዎች ሳቁ።

ከንቲባው በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ቀና ሲል ዓይኑ በሩ አጠገብ በቆመው ነጋሪ ላይ ዐረፈ።

“አንተ ከዚያው ነው የመጣኸው” አለው። “ማንንም አትደግፍም። ሐኪሙ የሚለውን ነገር አይተሃል?”

ነጎድጓድ ፍራሾቹ ታዩት፤ ሚስቱን በባርኔጣው የሚያራግበው ሽማግሌ ታየው። አዎ ቢል ምን እንደሚከተልም ታየው። አደባባይ ወጥቶ “አልተከፈተም” ሊል ነው፤ ያ የተራበ ሕዝብ ድንጋይ ሊያነሣ ነው፤ ጎረቤቱ ዳግመኛ ዓይኑን ላያሳየው ነው። ደግሞስ ማን ያውቃል፣ ምናልባት ሹሙ ልክ ይሆን ይሆናል።

“ክቡር ከንቲባ” አለ፣ “እኔ ነጋሪ ነኝ። የተሰጠኝን እንጂ ያየሁትን አልናገርም።”

መልሱ ለብዙዎቹ ጨዋነት መሰላቸው። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐኪሙ ብቻ ባርኔጣውን አነሣና አራግፎ ወጣ። ከንቲባው “እንግዲህ ቁጥሩን ንገር” አለ።

ቀትር ላይ አደባባዩ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ ወሬው ቀድሞ ወጥቶ ነበርና ከአምስት በላይ አትቁሙ የሚለውን ትእዛዝ የሚያስታውስ አልነበረም፤ ዘበኞቹም ሳይቀሩ ተቀላቀሉ። ነጎድጓድ መለከቱን ነፋ። “ስሙ! ያልሰማህ ስማ! ዛሬ በሆስፒታሉ አርባ ሦስት አልጋ ባዶ ነው! ገበያው ተከፍቷል!” አለ።

ወይ ደስታ! ሰው በሰው ላይ ተረበረበ፣ ተቃቀፈ፣ አለቀሰ። አንዲት ክር ሻጭ አምስት ዓመት የሚሆናትን ልጇን አቅፋ መድረኩ ድረስ ወጣችና የነጎድጓድን እጅ ሳመች። “አፍህ ይባረክ! ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ያሰማህ!” አለችው። ልጅቷ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር፤ መለከቱን መንካት ፈልጋ እጇን ስትዘረጋ አስነካት። አይካድም፣ እሱም ደስ ብሎት ነበር። በዚያ ሁሉ እልልታ መካከል ቆሞ እህቱን ለመርሳት ብዙ አልተቸገረም። አመሻሹ ላይ ጎረቤቱ ትኩስ ዳቦ ይዞለት መጣ፤ አብረው ተቀምጠው በሉ።

ደስታው ሁለተኛውን ሳምንት አልጨረሰም። በሦስተኛው ሳምንት አናጢዎቹ የሬሳ ሣጥን የሚሠሩበትን ሣንቃ ጨርሰው በር መንቀል ጀመሩ። ሆስፒታሉ ኮሪደሩን በምንጣፍ ሞላው፣ ቀጥሎ ደረጃውን፣ ቀጥሎ የፈረሶቹን በረት። ገበያው ማንም ሳያውጅ በራሱ ተዘጋ። ሐኪሙና ሹሙም በመጨረሻ ስለ አቆጣጠሩ ተስማሙ፤ ሰው ቢረፍድም መስማማቱ አይቀርም። ማንም ጥርጣሬ እንዳያነሣ፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሐኪም አይቶት የሞተ ሰው ብቻ በአፋኙ እንደሞተ ይቆጠር ተባለ። አልጋው ያው መቶ ነው። ምንጣፍ ላይ የሞተ፣ ጋሪ ላይ የሞተ፣ ቤቱ የሞተ ቁጥር የለውም። ነጎድጓድ በየቀኑ መድረኩ ላይ ወጥቶ ያቺን ትንሽ ቁጥር ይናገራል፤ ሕዝቡም በየቤቱ ሬሳ አስቀምጦ ይሰማዋል።

አንድ ጠዋት ጸሐፊው በመስኮቱ ቀዳዳ ቁጥሩን ከመንገሩ በፊት “ግባ” አለው። ከዚያ በፊት ግባ ብሎት አያውቅም። ነጎድጓድ ሳይነግሩት ገባው።

እህቱ በኮሪደሩ ጥግ ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። አልጋ ሰጥተዋት ነበር፤ ሌሊት አንዲት ወላድ ስትመጣ ግን ማንንም ሳታማክር ወርዳ ለቀቀችላት። ትንፋሿ እንደ ተቀደደ ወናፍ ይጮሃል። ከጎኗ ተንበረከከ።

“ራቅ በል” አለችው በልማዷ።

“አልርቅም።”

“እንግዲያው ውኃ ስጠኝ።”

አንገቷን ደግፎ አጠጣት። ግማሹ በአገጯ ፈሰሰ፤ በካባው ጠረገላት። የከተማው ማኅተም ረጠበ።

“እታለም፣ ተቆጥተሽኛል?”

“ተቆጥቼ ነበር” አለች። “በጣም። ልሰድብህ የያዝኩትን ስድብ ብታውቅ! አሁን ግን ደከመኝ። መቆጣትም ለካ አቅም ይፈልጋል።”

“ስደቢኝ። ግድ የለም፣ ስደቢኝ።”

“ስድን እሰድብሃለሁ” አለችና ፈገግ ልትል ስትሞክር ሳሉ ያዛት። ከዚያ በኋላ የጠራችው እናታቸው ያወጣችለትን ስም ነው። ሁለት ጊዜ ጠራችው። “አለሁ፣ እዚህ ነኝ” አላት። እጇ በእጁ ውስጥ እንዳለ ትንፋሿ ቆመ። ነጎድጓድ አልጮኸም። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፤ ደረቱ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ቀረ። ዓይኗን የሚከድን አስታማሚ ጠበቀ፤ ማንም አልመጣም። ራሱ ከደነላት።

ሲወጣ ጸሐፊው በመስኮቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። “ዐሥራ ዘጠኝ” አለ፣ ዓይኑን ሰብሮ።

“ከእህቴ ጋር ነው?”

“አልጋ ላይ አልነበረችም” አለ ጸሐፊው። “ደንቡ ነው፣ ወንድሜ። እኔ ምን ላድርግ?” እያለቀሰ ነበር።

ነጎድጓድ ሊቆጣው ፈለገና አልቻለም። መልሱን ያውቀዋል፤ የራሱ መልስ ነው።

በቅሎውን እየሳበ በእግሩ ወረደ። አደባባዩ ላይ ሰው አለ፤ ግን እንደ ያኔው አይደለም። ተራርቀው፣ አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ አንዳንዱ ግድግዳ ተደግፎ፣ አንዳንዱ በመስኮት ሆኖ ይጠብቃል። መድረኩ ላይ ወጥቶ መለከቱን ነፋ።

“ስሙ! ያልሰማህ ስማ! በአፋኙ በሽታ የሞተ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው!”

ወትሮ ይህን ብሎ ይወርዳል። አልወረደም። ሰዎቹ ሊበተኑ ጀምረው እንደገና ዞሩ።

“ዐሥራ ዘጠኝ ነው የሰጡኝ” አለ። “ውሸት ነው። ሃያ ነው! ሃያኛዋ እህቴ ናት፤ የሆስፒታሉ ዋና አስታማሚ፤ አልጋዋን ለወላድ ለቃ ምንጣፍ ላይ ሞተች!”

ከመስኮቶቹ ከአንደኛው የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፦ “እናቴስ? ቤቷ ነው የሞተችው።”

“ሃያ አንድ!” አለ ነጎድጓድ።

“ሁለት ወንድሞቼ!” አለ አንድ ቆዳ ፋቂ።

ከዚያ ማቆሚያ አልነበረውም። ከየግድግዳው፣ ከየመስኮቱ፣ ከየበሩ ይጠሩለታል፤ እሱ እየደመረ ይጮሃል። የከንቲባው ዘበኞች መድረኩ ሥር ደርሰው ነበር፤ አለቃቸው ግን እጁን አነሣና አቆማቸው። የነጋዴዎቹ ሹም ከመድኃኒት ቤቱ ጥላ ወጣ። ጢሙ ባንዴ ነጭ ሆኗል። “ባለቤቴ” አለ። ነጎድጓድ ደመራት።

መጨረሻ ላይ ክር ሻጯ መጣች። ብቻዋን ናት። እጆቿ ምን እንደሚይዙ የጠፋቸው ይመስል ቀሚሷን ይጨብጣሉ። “ልጄን ጨምርልኝ” አለች።

ጨመራት።

ሴትዮዋ አልሄደችም። “ያን ዕለት” አለችው፣ “እጅህን የሳምኩ ዕለት። አልጋው ለምን ባዶ እንደሆነ ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከንም?”

የሚመልሰው ብዙ ነገር ነበረው። ደንቡ፣ ከንቲባው፣ ሥራው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያልጨመረው ቃል። ሁሉም አፉ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

“ፈርቼ ነው” አለ፤ እሷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ።

ክር ሻጯ ቀና ብላ አየችው። እንባ የላትም፣ አልቋል። “ጮክ ብለህ ተናገር” አለችው። “ከኋላ ያሉት አልሰሙም።”

ነጎድጓድ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ደረቱን ነፋና ተናገረው። አዋጅ የሚነገረው ሦስት ጊዜ ነውና፣ ሦስት ጊዜ ደገመው።